ፕላኔት ለማንሳት ከጀጎል መውጣት አያስፈልግም

እዚህ ቻናል ላይ የጁፒተር ወይም የጨረቃ ፎቶ በለጠፍኩ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «የት ሄደህ ነው ያነሳኸው? ቁንዱዶ ወጥተህ ነው ወይስ ባቢሌ ወርደህ?» የትም አልሄድኩም። ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ እቤታችን ሰገነት ላይ ነው፤ የመንገድ መብራቱ በርቶ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን እየጮኸ። ዛሬ ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈውና ከእንግዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ እልካለሁ።

«ከከተማ መብራት ሽሹ» የሚለው ምክር የሚሠራው ለደብዛዛ ነገር ነው። ፍኖተ ሐሊብን ወይም ጋላክሲ ማንሳት የሚፈልግ ሰው የመንገድ አምፖል ጠላቱ ነው፤ እሱ ጓዙን ጠቅልሎ ባቢሌ ቢወርድ አልፈርድበትም። ጨረቃ ግን ፀሐይ ያረፈችበት ድንጋይ ናት፤ ጁፒተርና ቬነስም ፀሐይ እንደገባች፣ ሌላ ኮከብ ሳይታይ በፊት ይታያሉ። እነሱን የፈረስ መጋላ መብራት አያደበዝዛቸውም። ለእነሱ ወሳኙ ከላያችን ያለው አየር ነው፦ ምን ያህል ይወፍራል፣ ምን ያህልስ ይረበሻል? በዚህ በኩል ሐረር የታደለች ከተማ ናት፤ ቢያንስ በግማሹ።

ሐረር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ከሩብ ገደማ ላይ ትገኛለች። ፕላኔቶች ሁሉ ፀሐይ የምትሄድበትን መንገድ ይዘው ስለሚጓዙ እኛ ጋ የሚያልፉት አናታችን ላይ ወይም ወደ አናታችን ተጠግተው ነው። አውሮፓ ያለ ሰው ይህ ዕድል የለውም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ሳተርን ወደ ደቡብ ወርዶ በነበረበት ጊዜ ለንደን ላይ ከአድማስ ከፍ ያለው ቢበዛ 16 ዲግሪ ገደማ ነበር። ሐረር ላይ 58 ዲግሪ። ልዩነቱ የውበት አይደለም፤ የለንደኑ ሰው እኛ ከምናየው ሦስት እጥፍ በሚሆን አየር ውስጥ አሻግሮ ነበር ሳተርንን የሚያየው።

እንግሊዛዊው ዴሚያን ፒች በዓለም ከታወቁት የፕላኔት ፎቶ አንሺዎች አንዱ ነው፤ ቴሌስኮፑን አሽጎ ባርቤዶስ ደሴት ድረስ ሲሄድ የኖረው ለዚሁ ነው። ፊሊፒናዊው ክሪስቶፈር ጎ መሄድም አላስፈለገው፤ የሚኖረው ሴቡ ከተማ ነው። ሴቡ 10 ዲግሪ ላይ ናት፣ ከሐረር የምትለየው በአንድ ዲግሪ ብቻ ነው። ጎ ደመወዝ የሚከፈለው የሥነ ፈለክ ሊቅ አይደለም፣ እንደ እኛ በትርፍ ጊዜው የሚሠራ ሰው ነው። ጁፒተር ላይ ያለ አንድ ትልቅ ነጭ ማዕበል በ2006 መቅላቱን ያስተዋለው እሱ ነው። ጁን 3 ቀን 2010 ደግሞ አውስትራሊያዊው አንቶኒ ዌስሊ አንድ የጠፈር አለት ጁፒተር ላይ ወድቆ ብልጭ ሲል በቪዲዮ ያዘ፤ ያንኑ ብልጭታ ጎም ከሴቡ ቀርጾት ተገኘ። በነገራችን ላይ እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን፣ ጥሩ ነው። ጁፒተርን ቀን በቀን ለመከታተል ግን የሰገነት ላይ ሰው ይበቃል።

«በግማሹ» ያልኩት ለምን መሰላችሁ? ሴቡ የባሕር ዳር ከተማ ናት፣ የባሕር አየር ረጋ ይላል። ጀጎል ድንጋይ ናት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ የዋለ ግንብ፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ማታ ሙቀቱን መልሶ ይተፋዋል። ሞቃቱ አየር ወደ ላይ፣ ቀዝቃዛው ወደ ታች ሲል በቴሌስኮፕ ውስጥ ያለው ፕላኔት ከሚፈስ ውሃ ሥር እንዳለ ጠጠር ይርገፈገፋል። ምሽት 1 ሰዓት ላይ የራት ከሰል ጭስ ይጨመርበታል። ስለዚህ በምሽቱ መጀመሪያ ላይ ፕላኔት አላነሳም። ግንቡ የሚበርደው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ እኔ የምወደው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ሱብሒ አዛን ያለውን ጊዜ ነው። ቴሌስኮፑም ራሱ መብረድ አለበት። ከሞቀ ክፍል አውጥታችሁ ወዲያው ብታዩበት የቱቦው ውስጥ አየር ብቻውን ምስሉን ያበላሸዋል፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድሞ ውጭ ይቀመጥ።

ከግንቡ ውጭ ሣር ሜዳ ይሻላል የሚሉኝ አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሣር ከሲሚንቶ ቶሎ ይበርዳል። የሐረር ጅብ ሰው አይነካም ሲባልም እሰማለሁ። ዓይኔን ሌንስ ላይ ለጥፌ ጀርባዬን ለጨለማ ለመስጠት ግን ገና አልጨከንኩም።

አሁን ወደ አነሳሱ። የኔ ቴሌስኮፕ መስታወቱ 150 ሚሊሜትር የሆነ ዶብሶኒያን ነው፤ እንጨት ሳጥን ላይ የሚቀመጥና በእጅ የሚገፋ። ሞተር የለውም። ካሜራዬ ስልኬ ነው፤ ከዓይን ሌንሱ ጋር የሚያስተሳስረው ማሰሪያ አለኝ፣ ሌላ ነገር የለም። ምስጢሩ ፎቶ አለማንሳት ነው፤ ቪዲዮ ነው የሚቀረጸው። አየሩ ያለማቋረጥ ይረበሻል፣ በመሀል ግን ለሰከንድ ቁራጭ የሚረጋበት ቅጽበት አለ። በሰከንድ 30 ፍሬም የሚቀርጽ ስልክ በአንድ ደቂቃ 1,800 ፍሬም ይሰጣችኋል፤ ከዚያ ውስጥ የተበላሸው ብዙ ነው፣ ደህናው ግን መኖሩ አይቀርም። አውቶስታከርት የሚባል ነጻ ሶፍትዌር ፍሬሞቹን በጥራታቸው ደረጃ ያወጣላቸውና የተሻሉትን አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ አማካያቸውን ይወስዳል። የተደረቡት 400 ከሆኑ በምስሉ ላይ ያለው ነጠብጣብ ወደ አንድ ሃያኛ ይወርዳል። ሬጂስታክስ የሚባለው ደግሞ፣ እሱም ነጻ ነው፣ የደበዘዘውን ጠርዝ ያወጣዋል። የመጀመሪያውን ቪዲዮ ስታዩ ጁፒተር የሚንቀጠቀጥ ነጭ ነገር ነው፤ ተደርቦ ሲወጣ ሁለቱ ቡናማ ቀበቶዎች ይታያሉ። ይህን ለማያውቅ ሰው ውሸት ይመስለዋል።

ስልኩ በራሱ ከተተወ ጁፒተርን አቃጥሎ ነው የሚያነሳው፣ ምክንያቱም ዙሪያው ሁሉ ጥቁር ስለሆነ ብርሃን ያነሰ ይመስለዋል። ስክሪኑ ላይ ጁፒተርን ተጭናችሁ ያዙ፣ ፎከሱ ሲቆለፍ ብርሃኑን ወደ ታች ሳቡት፣ ቀበቶዎቹ እስኪታዩ ድረስ። ያኔ አራቱ ትልልቅ ጨረቃዎች፣ ጋሊሊዮ በ1610 ያያቸው ማለት ነው፣ ከስክሪኑ ይጠፋሉ። አትደንግጡ፤ እነሱን ለብቻ ብርሃን ጨምራችሁ ቅረጹ። ከሁለት ደቂቃ በላይም አትቅረጹ። ጁፒተር ራሱን የሚዞረው 10 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ስለሆነ ቪዲዮው ሲረዝም ዝርዝሩ ይፋቃል። መጠኑም ትንሽ ነው፤ የጨረቃን ስፋት ለመሙላት 40 ጁፒተር ጎን ለጎን መደርደር አለበት።

የሰፈራችን ልጆች ሰገነት ላይ ቴሌስኮፕ ካዩ ደረጃውን ይዘው ከች ነው። አንዱ ጎረምሳ ሳተርንን አይቶ ቀና አለና «አቦ፣ ስቲከር ነው የለጠፍክበት!» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም፣ መልሶ እንዲያይ ብቻ ነገርኩት። ሳተርን በራሱ ጊዜ ወደ ጠርዙ ተንሸራቶ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ አለፍ ብሎ ወጣ፤ ልጁም ቱቦውን ራሱ እየገፋ ሲያሳድደው አመሸ። የሚሮጠው ሳተርን አይደለም፣ ከሥራችን የምትዞረው መሬት ናት። ሞተር የሌለው ሰው እንዲህ ያድርግ፦ ፕላኔቱን ከሚገባበት ጠርዝ ላይ ያስቀምጥ፣ እጁን ያንሳ፣ አቋርጦ እስኪወጣ ይቅረጽ፣ እንደገና ይመልስ። ቁርጥራጮቹን ሶፍትዌሩ መሀል ላይ አምጥቶ ይገጣጥማቸዋል።

ጨረቃ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሙሉ ስትሆን መጠበቁ ነው። ሙሉ ጨረቃ ላይ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምታበራባት ጥላ የለም፣ ጥላ ከሌለ ተራራውም ጉድጓዱም ጠፍጣፋ ነው። ግማሽ ጨረቃ የሙሉዋን ብርሃን ግማሽ ሳይሆን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ የምትሰጠውም ያ ጥላ ስለሚበላባት ነው። ፎቶ የሚወጣው ብርሃንና ጨለማ ከሚገናኙበት መስመር ላይ ነው።

እኛ ሐረሮች ደግሞ ጨረቃ ግማሽ የምትሆንበትን ቀን የሚያስታውሰን በዓል አለን። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ሹዋሊድ የሚከበረው የረመዳን ዒድ አልፎ ስድስቱ የሸዋል ጾም ሲፈታ ነው። ወሩ በጨረቃ የሚቆጠር ስለሆነ የሹዋሊድ ማታ ጨረቃ ሁልጊዜ ግማሽ ወይም ከግማሽ ትንሽ አለፍ ያለች ናት፤ ፀሐይ ስትገባ አናት አካባቢ ትገኛለች። ከዚህ የተሻለ ጊዜ ፈልጋችሁ አታገኙም። ከጭፈራው በፊት አንድ ግማሽ ሰዓት ስረቁና ቴሌስኮፑን ወደ መሀሏ አዙሩ። እዚያ ሦስት ጉድጓዶች ተከታትለው ተሰልፈዋል፦ 153 ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ጠፍጣፋው ፕቶለሚየስ፣ ቀጥሎ አልፎንሰስ፣ ከዚያ 97 ኪሎ ሜትሩ አርዛኬል። አርዛኬል ማለት በ11ኛው ክፍለ ዘመን ቶሌዶ ላይ አስትሮላብ ሲሠራ የኖረው ሙስሊም የኮከብ ሊቅ አል ዘርቃሊ ነው። አልፎንሰስ ውስጥ ደግሞ የአሜሪካው ሬንጀር 9 መንኮራኩር በማርች 1965 ሆን ተብሎ ተከስክሷል። መንኮራኩሩ አይታይም። በ150 ሚሊሜትር መስታወት፣ አየሩ በጣም ረግቶ ሳለ፣ ጨረቃ ላይ የሚለየው ትንሹ ነገር ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን የአልፎንሰስ መካከለኛ ጉብታ ጥላውን ሲጥል ስልክ ላይ በግልጽ ይወጣል። ጨረቃ ብሩህ ስለሆነች በአምስትና በአሥር ሰከንድ ቪዲዮ ክፍል በክፍል እያነሳችሁ መገጣጠም ትችላላችሁ።

ካርታ ስታወርዱ ግን ተጠንቀቁ። ካርታዎቹ ሰሜንን ወደ ላይ አድርገው የተሠሩ ናቸው፤ እኛ ጋ ጨረቃ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ በጎኗ ነው የምትተኛው። ስለዚህ ካርታውን ሩብ ዙር ወደ ቀኝ አዙሩት፤ መስታወት ያለው ቴሌስኮፕ ከሆነ ደግሞ ገልብጡት።

ሐረር ውስጥ በፎቶ መማረር አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ራምቦ ከሊዮን ካሜራ አስመጥቶ በ1883 እዚሁ ራሱን አንስቶ ለቤተሰቡ ሲልክ፣ ፎቶዎቹ የነጡት በማጠቢያው ውሃ መጥፎነት ነው ብሎ አሳቧል። እሱ በውሃው፣ እኛ በአየሩ። የእኛ ፈተና ግን ሬጂስታክስ ላይ ያለውን መግፊያ አብዝቶ መጎተት ነው፤ ጨረቃ ዙሪያ ነጭ ክር ከታየ መልሱት።

ለመግዛት ለምትጠይቁኝ፦ ኢኳቶሪያል በሚባል ማቆሚያ ላይ የተሠራ አትግዙ። ያ ማቆሚያ ዘንጉን ወደ ሰሜን ኮከብ እንዲያነጣጥር ይፈልጋል፤ ሐረር ላይ ሰሜን ኮከብ ከአድማስ የሚርቀው 9 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ከጎረቤት ጣሪያ ወይም ከጭጋግ ኋላ ነው። ለአውሮፓና ለአሜሪካ ታስበው የተሠሩት ብዙዎቹም እስከዚያ ድረስ ዝቅ ሲሉ የሚዛን ብረታቸው ከእግራቸው ጋር ይጋጫል። ዶብሶኒያን ይህ ጣጣ የለበትም። የራሱ ጣጣ አለው፦ ፕላኔቱ ልክ አናት ላይ ሲደርስ ቱቦው ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ሳጥኑን ማዞር ያስቸግራል፣ ይህ ደግሞ የሚያጋጥመው እንደ እኛ አናቱ ላይ ፕላኔት የሚያልፍለትን ሰው ነው። በየካቲት 2019 ዓ.ም. መጀመሪያ ጁፒተር ከፀሐይ ትይዩ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ይታያል፤ ማታ በኤረር በር በኩል ወጥቶ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ አናታችን ላይ ይደርሳል። ያንን ሰዓት ለቡና ተዉትና ወደ ምዕራብ ዘንበል ካለ በኋላ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ቅረጹ፤ ግንቡም ያኔ በርዷል።