ለማሾ ብር ብየዳ

ባሕር ዳር ላይ መብራት በጠፋ ማግስት ሥራ ይበዛልኛል። የዕድር ማሾ፣ ማለትም በግፊት የሚነድድ የላምባ ፋኖስ፣ ይመጣል፤ ከዜጌ በጀልባ የተጫነ የቤተ ክርስቲያን ማሾ ይመጣል። የጢስ ዓባይ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ቢጀምርም፣ እኔ ዘንድ ከሚመጡት አብዛኞቹ የተገዙት ከዚያ ወዲህ ነው። መብራት ገባ ማለት መብራት አይጠፋም ማለት አይደለምና።

የማሾ አሠራር ቀላል ነው። ታንኩ ውስጥ አየር ይታመቃል፤ ግፊቱ ላምባውን ወደ ጋለ ቱቦ ይሰድደዋል፤ እዚያ ተንኖ በጠባብ ቀዳዳ ይፈተለክና ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይነድዳል። ስዊድናዊው ፍራንስ ሊንድክቪስት እ.ኤ.አ. በ1892 የፈለሰፈው ፕሪመስ ምድጃም ያው ነው። ጣጣው ያለው ሙቀቱ ላይ ነው። የናሱ መጋጠሚያ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ቀዳዳውን የሚጠርገውን መርፌ ከፍ ዝቅ የምታደርገው ትንሽ ፒን ደግሞ በመፋተግ ትበላለች። ያኔ እሳቱ ቢጫ ይሆንና መስታወቱ ጥላሸት ይለብሳል።

«አንተ ልጅ፣ ሊድ ጣል አድርግበትና ስጠን» አሉኝ አንድ የዕድር ዳኛ።

«ኧረ ጋሼ፣ ሊዱ ከቆርቆሮ ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ 183 ዲግሪ ላይ መቅለጥ ይጀምራል። ማሾው ገና ሲበራ ያፈስሰዋል።»

«እንግዲያ በናስ በይደው!»

ናስ ደግሞ ወደ 900 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ማሾው ራሱ ናስ ስለሆነ የመበየጃው ዘንግ ሳይቀልጥ ዕቃው ሊቀልጥ ይችላል። ብር የሚገባው እዚህ መሀል ነው። 55 በመቶው ብር የሆነ፣ መዳብ፣ ዚንክና ጥቂት ቆርቆሮ የተቀላቀለበት ዘንግ ከ630 እስከ 660 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣል።

ለአገራችን ብር ሠሪ ይህ እንግዳ አይደለም። 28 ግራም የሚመዝነውና ከመቶ 83 እጁ ብር የሆነው ማርትሬዛ ጠገራ ስንት መስቀልና ጌጥ ወጥቶታል! ብር ከናስ ጋር ሲቀልጥ ከንጹሕ ብር ቀድሞ የሚፈስ መበየጃ ይሆናል። ጠገራ ይዘው መጥተው «ይህን አቅልጥበት» የሚሉኝ አሉ፤ እምቢ እላለሁ። ለአንድ መጋጠሚያ ከአንድ ግራም በታች ይበቃል፤ የአያት ቅርስ ለዚህ አይቀልጥም።

ሞያውን ያስተማረኝ ሰው፣ በሶቪየቶች እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ምሩቅ ነበር። «እሳቱ ዕቃው ላይ፣ ዓይንህ ፍላክሱ ላይ» ይለኝ ነበር። ፍላክስ ብሩ እንዲፈስ መጋጠሚያው ላይ የሚቀባ ዱቄት ነው። ከሥራው አብዛኛው ጽዳት ነው። ጥላሸቱን አራግፌ፣ ናሱ ቢጫ እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት እፈትገዋለሁ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መኖር አለበት፤ ብዙ ከሰፋ ብሩ ተስቦ አይገባም። ፍላክሱን በውሃ አቡክቼ እቀባና ዙሪያውን እኩል አሞቃለሁ። ፍላክሱ መጀመሪያ ይነፋል፣ ይነጣል፣ ከዚያ ጥርት ይላል። ያኔ ዘንጉን ነካ ሳደርገው ብሩ ብልጭ ብሎ ክፍተቱን ይዞራል፤ በወዲያኛው በኩል ቀጭን ነጭ መስመር ብቅ ሲል እሳቱን አነሳለሁ። ከዚያ በላይ ብር የሚከምር በያጅ አይመቸኝም፤ ጉብታው ጥንካሬ አይጨምርም።

የተበላችውን ፒን በብር መሙላት ይቻላል፤ ብሩ ግን ለመፋተግ ለስላሳ ነው። ስለዚህ ቶርኖ ቤት አዲስ የብረት ፒን አስቀርጬ፣ በአሮጌዋ ቦታ ቀዳዳ ከፍቼ አስገባለሁ፤ ብሩ ሥሯን ይይዛታል። የፍሪጅ ሠራተኞች የሚወዱት ፎስፈረስ ያለበት የመዳብ ዘንግ ርካሽ ነው፤ ብረት ላይ ግን መጋጠሚያው ተሰባሪ ይሆናል። ካድሚየም ያለበት የድሮ ዘንግም አለ። ጭሱ ሳንባ ይጎዳል፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 አግዶታል፤ እኔም ቤቴ አላስገባውም።

ታንኩን ግን አልነካም። ባዶ የመሰለ ታንክ የላምባ ትነት ይይዛል፤ እሳት ሲነካው ይፈነዳል። ታጥቦ ቢጸዳ እንኳ የጋለ ናስ ይለሰልሳል፣ ያ ታንክ ደግሞ ግፊት ተሸካሚ ነው። በቅርቡ ሌላ ሰው የበየደው ታንክ መጣልኝ፤ ሆዱ ወደ ውጭ ተነፍቷል። ባለቤቱን «አበባ ይትከሉበት» ብላቸው ተቆጡ። ቱቦውን ግን ሠርቼላቸዋለሁ፤ ሌላ ታንክ ይዘው ሲመጡ እገጥምላቸዋለሁ።