የፌስታሉን ሒሳብ ፍየሏ ትከፍላለች

ሞያሌን ድንበር ለሁለት ይከፍላታል፤ ከወዲህ ብር፣ ከወዲያ ሽልንግ። ከነሐሴ 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሌላ ልዩነት ተጨመረ፦ ከወዲህ ስኳር የተቋጠረበት ፌስታል ከወዲያ ሲሻገር ወንጀል ሆነ። ኬንያ በዚያን ቀን ሥራ ላይ ባዋለችው ክልከላ የፕላስቲክ ከረጢት ያመረተ፣ የሸጠም ሆነ የተጠቀመ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ መቀጫ ወይም እስከ 4 ዓመት እስራት ይጠብቀዋል።

ለአንዲት ፌስታል እንዲህ ያለ ቅጣት መብዛቱን የማይናገር የለም። ከኡራን ሆኖ ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኡራን በኬንያ በኩል የሞያሌ ምርጫ ክልል ከተከፋፈለባቸው ሰባት ዋርዶች አንዷ ናት። እዚያ ከብት፣ ግመልና ፍየል የአርብቶ አደሩ ባንክ ናቸው፤ የልጅ ትምህርት ቤትም ሆነ የሐኪም ወጪ የሚወጣው ከእነሱ ነው። ፌስታል የዋጠች ፍየል ማመንዠክ ያቅታታል፣ ትከሳለች፣ ገበያ ሳትደርስ ትሞታለች። በናይሮቢ ቄራ ከአንዳንድ ከብት ሆድ እስከ 20 ፌስታል መውጣቱን የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በክልከላው ሰሞን አስታውቆ ነበር። ባለሱቁ የመረቀው ፌስታል ሒሳብ የሚወራረደው እዚህ ላይ ነው። ኢኮኖሚስቶች በሦስተኛ ወገን ላይ ያረፈ ወጪ ይሉታል፤ በኡራን ሦስተኛው ወገን ፍየል ጠባቂው ልጅ ነው።

ታዲያ ሸማቹን «ዘንቢል ያዝ» ብሎ መምከር ይበቃል? ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ከረጢቶች እንዳይመረቱና እንዳይገቡ ከልክላ ነበር። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2011 በውፍረት ገደብ ሞክራ አልሆነላትም። ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት የፌስታል ውፍረት በምን ትለካ? እጅ ላይ በነፃ የሚመጣ ነገር እያለ ምክር ብቻውን ሲሠራ አላየሁም።

ክልከላው ኬንያ ውስጥ የሠራው ከረጢት ዋጋ ስላወጣ ነው። ሰው ገንዘብ የከፈለበትን አጥፎ ያስቀምጣል። እርግጥ ቀዳዳም አለው፤ የተተኩት ጨርቅ መሳይ ከረጢቶች እየሳሱ መጡ፣ ፌስታሉም ከጎረቤት አገሮች በኮንትሮባንድ ይገባል። አንዱ ከልክሎ ጎረቤቱ ሲፈቅድ የድንበር ከተማ ማጣሪያ መሆኗ ይቀርና ወንፊት ትሆናለች።

አሁን ኢትዮጵያም በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀችው አዋጅ ፌስታልን ከልክላለች፤ ተጠቃሚው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ዘንቢል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እናቶቻችን ገበያ የወጡበት ነው፣ የሚሰፋውም በአገር ቤት እጅ ነው። የደንብ አስከባሪዎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ የመጀመሪያው መቀጫ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ባንጠለጠለችው እናት ላይ አይረፍ፤ ጥቅሉን ከመኪና በሚያራግፈው ጅምላ ሻጭ ጀምሩ።