ነጻነት የታወጀበት መስኮት

ከማኒላ ወደ ደቡብ የሚወስደውን መንገድ ይዘን የተነሣነው በእሑድ ጧት ነበር። ሰንበት ስለ ሆነ መንገዱ ይቀለናል ብለን ነበር፤ ዳሩ ግን የማኒላ መንገድ ሰንበትን አያውቅም። ጂፕኒ የሚባሉት፣ ጎናቸው በልዩ ልዩ ቀለም ያሸበረቀ የሕዝብ ማመላለሻዎች እየተጋፉ ያልፋሉ፤ ሙቀቱም ገና በጧቱ ሸሚዝን ከገላ ያጣብቃል። ደግነቱ የምንሄድበት ስፍራ ሩቅ አይደለም። ካዊት የምትባለው ከተማ ከማኒላ ከ20 ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብላ፣ በካቪቴ አውራጃ በባሕሩ ዳር ትገኛለች። ስሟ በአገሩ ቋንቋ መንጠቆ ማለት ነው ብለውናል።

ልናይ የሄድነው አንድ ቤት ነው። ይኸውም የፊሊፒን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የነበሩት የጄኔራል ኤሚልዮ አጊናልዶ የአባታቸው ቤት ሲሆን፣ ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኖ በመንግሥት ይጠበቃል። የፊሊፒን ሕዝብ ከእስፓኝ አገዛዝ ነጻ መውጣቱ የታወጀው በዚሁ ቤት መስኮት ላይ በጁን 12 ቀን 1898 ነው። (አንባቢ እንዳይሳሳት በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ይህኛው በእኛ 1890 ዓ.ም. ላይ ይውላል።)

ወደ ቤቱ ታሪክ ከመግባታችን በፊት ስለ አሠራሩ ጥቂት እንበል። በእስፓኝ ዘመን የነበሩ ባለጸጋ ፊሊፒናውያን «ባሃይ ና ባቶ» የሚባል ቤት ይሠሩ ነበር። ትርጓሜው የድንጋይ ቤት ማለት ይሁን እንጂ ድንጋይ የሆነው ምድር ቤቱ ብቻ ነው፤ ፎቁ እንጨት ነው። ምድር ቤቱ እርጥበት ስላለበት ለሠረገላና ለእህል ይተውታል፤ ቤተ ሰቡ የሚኖረው ከላይ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ በሚበዛበት አገር ይህ አሠራር ብልኀት ነው፤ ምድሪቱ ስትናወጥ እንጨቱ ይወዛወዛል እንጂ በቶሎ አይናድም። ከሁሉ ይልቅ የደነቀን ግን መስኮቱ ነው። መስተዋት ውድ በነበረበት ዘመን ካፒስ የሚባለውን የባሕር ቀንድ አውጣ መሳይ ፍጥረት ስስና ጠፍጣፋ ቅርፊት በአራት ማዕዘን እየቆረጡ በእንጨት ፍርግርግ ውስጥ ይሰኩታል። የፀሐዩ ብርሃን በቅርፊቱ ሲያልፍ ወተት መስሎ ይገባል፤ ቃጠሎው ግን ከውጭ ይቀራል። መስኮቱ እንደ እኛ መስኮት ወደ ውጭ የሚከፈት ሳይሆን በጎን በኩል ተንሸራቶ የሚገለጥ ነው። ከሥሩም ነፋስ የሚያስገባ ሌላ ትንሽ መስኮት አለ፤ ትልቁ ተዘግቶ ሳለ ትንሹን ከፍቶ መተኛት ይቻላል። የወለሉን ሳንቃ ደግሞ የኮኮናት ልጣጭ ለሁለት ሰንጥቀው፣ አንድ እግራቸውን በላዩ አሳርፈው እየተወዛወዙ ያሹታል፤ በመጨረሻ እንደ መስተዋት ፊት ያሳያል። ይህን ሥራ ጭፈራ ነው ያለ ሰው ቢኖር አልሠራውም ማለት ነው።

የአጊናልዶ ቤት በመጀመሪያ በ1845 በእንጨትና በሣር ክዳን ተሠርቶ በ1849 እንደገና ታደሰ። የጄኔራሉ አባት ዶን ካርሎስ የከተማው ሹም ነበሩ፤ ልጃቸውም ኤሚልዮ በ1869 ተወልደው በ26 ዓመታቸው ገደማ የዚያችው ከተማ ሹም ሆኑ። በዚያው ዓመት ካቲፑናን ከሚባለው የምስጢር ማኅበር ገቡ፤ በ1896 የነጻነቱ ጦርነት ሲነሣም ከጦር አለቆቹ አንዱ ሆኑ።

አስጎብኚያችን በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። ፊሊፒናውያን ለታላቅ ሰው ሲናገሩ በየዐረፍተ ነገሩ «ፖ» የምትል ቃል ይጨምራሉ፤ የእኛን «እርስዎ» የምትመስል የአክብሮት ቃል ናት። ሴትዮዋም በዕድሜ ለሚያንሷቸው ጎብኚዎች ሁሉ ሳይቀር «ፖ» እያሉ ወደ ትልቁ አዳራሽ ወሰዱን። ከአዳራሹ ፊት ለፊት ወደ መንገዱ የወጣ ያማረ ሰገነት አለ። አብረውን የነበሩት ተማሪዎች ይህን ሲያዩ እየሮጡ ሄደው ፎቶግራፍ ይነሡ ጀመር፤ እኛም ልባችን እንደ እነርሱ ነበር፤ ነጻነት የታወጀበት ሰገነት ይህ ነው ብለን ቆመን አየነው።

ሴትዮዋ ግን ፈገግ ብለው፣ በ1898 ይህ ሰገነት አልነበረም አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጄኔራሉ ቤታቸውን ከ1919 ወዲህ ራሳቸው ንድፉን እያወጡ ሲያስፋፉት ሰገነቱ ያን ጊዜ ተጨመረ። በዚያች በታሪክ ቀን የነበረው መስኮት ብቻ ነው። ከቀትር በኋላ በ10 እና በ11 ሰዓት መካከል ሕዝቡ ከቤቱ ፊት ተሰብስቦ ሳለ፣ የአዋጁን ቃል የጻፉት የሕግ ሰው አምብሮስዮ ሪያንሳሬስ ባውቲስታ በመስኮቱ ቆመው አነበቡት። ሰንደቅ ዓላማውንም ዘርግተው ያውለበለቡት፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ጄኔራሉ ሳይሆኑ፣ እኚሁ ባውቲስታ ናቸው ይላሉ የታሪክ ጸሐፊዎች። ሰንደቅ ዓላማው ማርሴላ አጎንሲልዮ የተባሉ እመቤት ከሴት ልጃቸው ከሎሬንሳና ከዴልፊና ኤርቦሳ ጋር ሆነው በሆንግ ኮንግ በ5 ቀን የሰፉት ነው። ሁልያን ፌሊፔ የደረሱት ማርሽም ያን ጊዜ በይፋ ተሰማ። ቃል ያልነበረው ዜማ ብቻ ነበር፤ ዛሬ የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ሆኗል። በአዋጁ ላይ 98 ሰዎች ሲፈርሙ ከመካከላቸው አንዱ አሜሪካዊ የመድፈኛ መኮንን ነበር። የዚህ ሰው ፊርማ ለአገሩ መንግሥት አላሰረውም፤ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር እስፓኝ ደሴቶቹን በ20 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ በውል አሳልፋ ሰጠች። በ1899 በፌብሩዋሪ ወር ደግሞ በፊሊፒንና በአሜሪካ መካከል ጦርነት ተነሣ።

ታዲያ ሰገነቱ ይፍረስ የሚል የለም፤ እኛም አንልም። በየዓመቱ ጁን 12 ቀን በዚህ ቤት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል የሕዝቡ ዐይን የሚያርፈው በሰገነቱ ላይ ነው። ነገር ግን ሴትዮዋ እውነቱን ሳይሸሽጉ ስለ ነገሩን አከበርናቸው። ፎቶግራፍ ለማንሣት ከሚጋፋው ሰው ፊት እንዲህ ብሎ መናገር ቀላል አይደለም። ከተማሪዎቹ አንዷ ቅር ብሏት «እንግዲያው ትክክለኛው የቱ ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ሴትዮዋም ይህ ቤት ሁለት ጊዜ ተሠርቷል፤ አንድ ጊዜ በታሪክ፣ አንድ ጊዜ በጄኔራሉ እጅ ብለው መለሱላት።

የጄኔራሉ እጅ በእርግጥ በየስፍራው ይታያል። በአንደኛው ክፍል ጣራ ላይ የደሴቶቹ ካርታ በእንጨት ተቀርጾ ቀና ብሎ ለሚያይ ይታያል። የአገሪቱ ፀሐይና ከዋክብትም በጌጡ ውስጥ ገብተዋል። ቤቱ ምስጢር ይወዳል፤ ወንበሩና ሣጥኑ ስውር ኪስ አለው፤ በግድግዳው ውስጥ መተላለፊያ አለ፤ ከአየር ድብደባ መጠለያ የሚያወርደው መንገድም ከሰው ዐይን የተሰወረ ነው። ከበላዩ ሁሉ ግንቡ ረጅም ሆኖ ከሩቅ ይታያል። እውነቱን ለመናገር ጌጡ በዝቷል፤ እኛን የጠየቀን ቢኖር ግማሹን በቃው እንል ነበር። ነገር ግን በ1901 በማርች ወር ከሰሜኑ ተራራማ አገር ከፓላናን በተንኰል ተይዞ፣ ጦሩን አጥቶ፣ ለአሜሪካ ታማኝነቱን በመሐላ አረጋግጦ ወደ ቤቱ የተመለሰ የ32 ዓመት ሰው ከዚያ በኋላ 60 ዓመት በላይ ኖረ። መንግሥቱን የተቀማ ሰው ያንን ሁሉ ዘመን ምን ይሥራ? ሰንደቁንና ካርታውን በጣራው ላይ ቀረጸ። ስለ ፈረሰችው ሪፑብሊክ ኀዘን እስከ 1946 ድረስ ጥቁር የአንገት ማሰሪያ ያስሩ እንደ ነበርም ይነገራል።

ከምሳ በፊት አንድ ከባድ ጥያቄ ስናመነታ ቆይተን ጠየቅን፤ ስለ አንድሬስ ቦኒፋስዮ። ካቲፑናንን በ1892 ከመሠረቱት ዋነኛው እርሱ ነበር። በ1897 በማርች ወር ዐርበኞቹ ተሰብስበው አጊናልዶን ሲመርጡ ቦኒፋስዮ ምርጫውን አልቀበልም አለ፤ ተይዞ ለጦር ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ሞት ተፈረደበት። አጊናልዶ በመጀመሪያ ፍርዱን ወደ ግዞት ለወጡት፤ ኋላ ግን የጦር አለቆቻቸው ሲወተውቷቸው ትእዛዛቸውን ሻሩ። ቦኒፋስዮና ወንድሙ ፕሮኮፕዮ በሜይ 10 ቀን በማራጎንዶን ተራራ ላይ ተገደሉ። ጄኔራሉ ይህንኑ በ1948 በጻፉት ደብዳቤ አምነዋል። በፊሊፒን አሁን ድረስ አንዱ የቦኒፋስዮ፣ አንዱ የአጊናልዶ ወገን ሆኖ በማዕድ ዙሪያ የሚከራከር ቤተ ሰብ አለ ይባላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በ1942 ጄኔራሉ በሬዲዮ ተናግረው የማክአርተር ጦር ለጃፓኖች እጁን እንዲሰጥ ጠይቀዋል፤ በዚህም ምክንያት በ1945 ታስረው በኋላ በምሕረት ተለቀቁ።

አስጎብኚያችን ይህን ሁሉ ሰምተው አላስተባበሉም፤ አልኰነኑም። ያየነው ቤት የአንድ ሰው ቤት እንደ ሆነ፣ ሰውም ደግሞ አንድ ቀን ብቻ እንዳልኖረ ነገሩን። እኛም በበኩላችን የቤቱ ክብር ከዚህ ጥያቄ የሚያንስ አይደለም ብለን አሰብን፤ ጥያቄውን የሚፈራ ቤተ መዘክር ግን ዕቃ ማከማቻ ይሆናል።

ዘመኑ ሲመጣ የአገሪቱም ሐሳብ ተለወጠ። አሜሪካ በጁላይ 4 ቀን 1946 ነጻነታቸውን ስለ ሰጠቻቸው በዓሉን በዚያን ቀን ያከብሩ ነበር፤ በ1962 ግን ፕሬዚዳንት ዲዮስዳዶ ማካፓጋል የነጻነቱ በዓል ወደ ጁን 12 እንዲዛወር አዘዙ። የ93 ዓመቱ ሽማግሌ አጊናልዶም በዚያ በዓል ላይ ተገኙ። ከመስኮቱ የተሰማው ቃል በመንግሥት ደረጃ የታወቀለት ከ64 ዓመት በኋላ ነው። በማግሥቱ ዓመት በዚያው ቀን ቤቱንና ግቢውን ለመንግሥት አስረከቡ፤ በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1964 ደግሞ ዐረፉ። በዚያው ዓመት በጁን ወር ሕግ ወጥቶ ቤቱ ብሔራዊ ቅርስ ተባለ።

መቃብራቸው ከቤቱ በስተ ጀርባ በአትክልቱ ስፍራ ነው። ከመቃብሩ ወዲያ ወንዙ በዝግታ ይፈሳል። ከጎኑ ቆመን ሳለን ሁለት ሕፃናት በመቃብሩ ዙሪያ ሲሯሯጡ አየናቸው፤ አባታቸው በእጁ ጠቅሶ ጠራቸው፤ ተቈጥተውም ሄዱ።

ከመመለሳችን በፊት ወደ ፎቁ አንድ ጊዜ ወጣን። ፎቶግራፍ የሚነሣው ሕዝብ ከሰገነቱ ላይ አልተነሣም። መስኮቶቹ በስተ ጎን ነበሩ፤ ማንም አልቆመባቸውም። አስጎብኚያችን ወደ አንደኛው ጠጋ ብለው የካፒሱን መዝጊያ በሁለት እጃቸው ገፍተው ገለጡልን፤ ከመንገዱ የጂፕኒዎቹ ጩኸት፣ ከባሕሩ የጨው ሽታ አብሮ ገባ።