«ፉቡኪ» ስለምትባለው የጃፓን የጦር መርከብ



ባለፈው የወላጆች በዓል ወደ ሳይንስ ክበብ ትርኢት ጎራ ያላችሁ ሁሉ የእኔን መርከብ ሳታስታውሷት አትቀሩም። ከእንጨት ቀርጬ፣ ግራጫ ቀለም ቀብቼ፣ በመድፎቹ ፋንታ ትልልቅ የብረት ብሎኖች አጣብቄ ያቀረብኳት ናት። ውሃ በሞላ ሳፋ ላይ ባስቀመጥኳት ጊዜ ለአፍታ ቀጥ ብላ ቆመችና ወዲያው ወደ ጎን አዘንብላ ተገለበጠች። የሕዝቡ ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። የፊዚክስ መምህራችን ግን አልሳቁም። መርከቧን ከውሃው አውጥተው ብሎኖቹን በጣታቸው እየነኩ፣ «አይዞህ፤ በዚህ ስሕተት አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። የእውነተኛይቱን መርከብ ታሪክ ደኅና አድርገህ አንብብና ለመጽሔቱ ጻፍ» አሉኝ። እነሆ ጽፌአለሁ። በጽሑፌ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መርከቧ «ዴስትሮየር» ከሚባለው ወገን ናት። ዴስትሮየር ማለት አውዳሚ ማለት ሲሆን፣ በመጀመሪያ የተፈጠረው ታላላቆቹን የጦር መርከቦች ከትናንሽ የቶርፔዶ ጀልባዎች ለመከላከል ነበር። ቶርፔዶ በውሃ ውስጥ በራሱ ሞተር እየተነዳ ሄዶ የጠላትን መርከብ ጎን የሚቀድ ፈንጂ ነው። ውሎ አድሮ ዴስትሮየሩ ራሱ ቶርፔዶ ተሸካሚ ሆነ።

ጃፓኖች ፉቡኪን ለመሥራት የተነሡበት ምክንያት ከባሕሩ ይልቅ ከጉባኤ አዳራሽ የመጣ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1922 ዓ.ም. በዋሽንግተን በተፈረመው ውል፣ እንግሊዝና አሜሪካ እያንዳንዳቸው 5 እጅ ታላላቅ የጦር መርከብ ሲኖራቸው ጃፓን 3 እጅ ብቻ እንዲኖራት ተወሰነ። ውሉ ግን የዴስትሮየሮችን ቁጥር አልወሰነም። ስለዚህ የጃፓን ባሕር ኃይል እንዲህ ሲል አሰበ፦ ታላላቆቹ መርከቦች ካነሱን፣ ታናናሾቹን ከማንም የበለጠ ኃይለኛ እናድርጋቸው፤ የአሜሪካ መርከቦች ፓስፊክን አቋርጠው ሲመጡ፣ ታላቁ ውጊያ ከመጀመሩ በፊት በሌሊት በቶርፔዶ እየመታን ቁጥራቸውን እንቀንስ።

ንድፉን ያወጣው ኪኩዎ ፉጂሞቶ የተባለ የመርከብ መሐንዲስ ነው። የመጀመሪያይቱ መርከብ በ1928 ዓ.ም. ሥራ ጀመረች። ስሟ ፉቡኪ ማለት በረዶ የቀላቀለ ዐውሎ ነፋስ ማለት ነው። ከእርሷ በኋላ የመጡት እኅቶቿም እንደዚሁ ሀትሱዩኪ (የመጀመሪያ በረዶ)፣ ኢካዙቺ (ነጎድጓድ)፣ ኢናዙማ (መብረቅ)፣ ኡሺዎ (የባሕር ሙላት) የሚሉ ስሞች ተሰጧቸው። ለመግደያ መሣሪያ እንዲህ ያለ የግጥም ስም መስጠት እኔን ያስገርመኛል። እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ በጠቅላላው 24 ተሠሩ።

ቁመቷ 118 ሜትር ሲሆን ወርዷ ከ10 ሜትር እምብዛም አያልፍም። በዚህች ቀጭን መርከብ ላይ ጃፓኖች 6 ባለ 127 ሚሊ ሜትር መድፎችንና 9 የቶርፔዶ መተኮሻ ቱቦዎችን ጫኑ። የቶርፔዶዎቹ ውፍረት 610 ሚሊ ሜትር ነበር። ለእያንዳንዱ ቱቦ አንድ መለዋወጫ ስለሚያዝ፣ መርከቧ 18 ቶርፔዶ ትሸከማለች ማለት ነው። በሌሎች አገሮች ዴስትሮየሮች ላይ መድፈኞቹ በአብዛኛው ማዕበል እየመታቸው ሲቆሙ፣ የፉቡኪ መድፎች ዙሪያቸውን በተዘጋ የብረት ቤት ውስጥ ነበሩ። ፍጥነቷም በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በዚያን ጊዜ ይህን ያህል መሣሪያ የያዘ ዴስትሮየር ሌላ አገር አልነበረውም። በ1930 ዓ.ም. በለንደን የተደረገው ውል ለዴስትሮየሮችም ወሰን አበጀላቸው።

ነገር ግን መድፉም፣ የብረት ቤቱም፣ ረጅሙ የአዛዦች መቆሚያም ያሉት ከውሃው በላይ ነው። የእኔን ብሎኖች አስታውሱ! ከላይ ክብደት በበዛ መጠን መርከብ አንድ ጊዜ ካዘነበለች ተመልሳ ለመቃናት ያላት ኃይል ያንሳል። መርከቧ ፈጣን እንድትሆን ደግሞ ሰውነቷ በተቻለ መጠን ቀላል ተደርጎ ነበር።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የመጣው ከሌላ መርከብ ነው። በማርች 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ቶሞዙሩ የምትባል፣ ሥራ ከጀመረች አንድ ወር እንኳ ያልሞላት ትንሽ የቶርፔዶ መርከብ በሌሊት ልምምድ ላይ ሳለች ማዕበል ገለበጣት። ከ113 መርከበኞች 100 ሞቱ። እርሷም በአነስተኛ ሰውነት ላይ ብዙ መሣሪያ እንዲጫን በዚያው በፉጂሞቶ አሳብ የተሠራች ነበረች። እርሱም ከሥልጣኑ ተነሥቶ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ ሞተ። ይህን ሳነብ እጅግ አዘንኩለት፤ ይህን ያህል መሣሪያ ጫንልኝ ብሎ ያዘዘው ባሕር ኃይሉ ነበርና ጥፋቱ የመሐንዲሱ ብቻ አይመስለኝም።

ሁለተኛው በሴፕቴምበር 26 ቀን 1935 ዓ.ም. ደረሰ። የጃፓን መርከቦች በፓስፊክ ላይ ሲለማመዱ ታይፉን በሚባለው ዐውሎ ነፋስ ውስጥ ገቡ። ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው የሚሸከሙትን ረጅም ጣውላ አስቡ፤ መካከሉ ወደ ታች ይጎብጣል። በትከሻ ላይ በመካከሉ ብቻ ሲያዝ ደግሞ ጫፎቹ ይወርዳሉ። ከፍተኛ ማዕበልም ረጅም መርከብን አንድ ጊዜ በሁለቱ ጫፎቿ፣ አንድ ጊዜ በወገቧ እያነሣ እንደዚሁ ያጎብጣታል። የዚያን ቀን ማዕበል መሐንዲሶቹ በስሌታቸው ካሰቡት እጅግ የቆመና የከፋ ነበር። ሀትሱዩኪና ዩጊሪ የተባሉት ሁለት የፉቡኪ እኅቶች ከፊታቸው ተቆርጠው፣ የፊተኛው ክፍል በውስጡ ካሉት መርከበኞች ጋር ተገንጥሎ ሄደ። የጠላት ጥይት አልነካቸውም፤ ጦርነትም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ጃፓኖች ያደረጉትን እኔ ከመርከቧ መድፍ ይበልጥ አደንቀዋለሁ። እስከ 1938 ዓ.ም. ድረስ መርከቦቹን በየተራ ወደ መሥሪያው እየመለሱ ሰውነታቸውን አጠነከሩ፤ የአዛዦቹን መቆሚያና ጭስ ማውጫውን አሳጠሩ፤ የትርፍ ቶርፔዶውን ቁጥር ቀነሱ፤ ከሥርም ሚዛን የሚጠብቅ ክብደት ጨመሩ። 1,750 ቶን ተብሎ የታሰበው ክብደት ወደ 2,090 ቶን ደረሰ፤ ፍጥነቱ ግን በሰዓት ወደ 63 ኪሎ ሜትር ወረደ። በፍጥነት የሚመካ ባሕር ኃይል ይህን መቀበሉ ቀላል አልነበረም።

ሚዩኪ የምትባለው በ1934 ዓ.ም. ከእኅቷ ከኢናዙማ ጋር ተጋጭታ ስለ ሰጠመች፣ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የገቡት 23 ነበሩ። ከታሪካቸው ሁለቱን ብቻ ላንሣ። በማርች 1942 ዓ.ም. የኢካዙቺ አዛዥ ሹንሳኩ ኩዶ፣ መርከቦቻቸው ሰጥመው በጃቫ ባሕር ላይ ይንሳፈፉ የነበሩ 442 የእንግሊዝና የአሜሪካ መርከበኞችን አወጣ። በጦርነት መካከል መርከብን አቁሞ ጠላትን ከውሃ ማውጣት ለባሕር ሰርጓጅ መርከብ ዒላማ መሆን ነበር። በኦገስት 1943 ዓ.ም. ደግሞ አማጊሪ በሰሎሞን ደሴቶች አካባቢ በጨለማ አንዲት የአሜሪካ ጀልባ ገጭታ ለሁለት ከፈለች። የጀልባይቱ አዛዥ ጆን ኬኔዲ የሚባል ወጣት መኰንን ነበር። እኒሁ ኬኔዲ በ1961 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ1963 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴን በዋሽንግተን የተቀበሉትም እርሳቸው ናቸው።

ፉቡኪ ራሷ በኦክቶበር 1942 ዓ.ም. በጓዳልካናል አጠገብ በሌሊት ውጊያ ሰጠመች። እኅቶቿን አብዛኛውን የጨረሷቸው አውሮፕላንና ባሕር ሰርጓጅ ናቸው፤ ሲሠሩ ለእነዚህ ጠላቶች የሚበቃ ዝግጅት አልተደረገላቸውም ነበርና። ጦርነቱ ሲያልቅ የቀሩት ኡሺዎና ሂቢኪ ብቻ ነበሩ። ኡሺዎ ተፈታታ ብረቷ ተሸጠ፤ ሂቢኪ በ1947 ዓ.ም. ለሶቪየት ኅብረት ተሰጠች።

የእኔይቱ መርከብ አሁን በፊዚክስ ክፍል መስኮት ላይ ተቀምጣለች። ብሎኖቹን በካርቶን ለውጬ ከሆዷ ሥር 14 ምስማር መትቼባታለሁ። ሳፋውና ውሃው እዚያው ስለሆነ፣ የሚጠራጠር ቢኖር መጥቶ ይሞክራት።