ከወንዙ እስከ ኮራሉ፦ የሞቃት አካባቢ ባሕር ጤና እንዴት ይለካል?

በሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ ጠረፍ አንድ ተመራማሪ ከትንሽ የሞተር ጀልባ ኋላ በገመድ እየተጎተተ ይሄዳል። በሁለት እጁ ሰፋ ያለ ሰሌዳ ጨብጧል፤ የመዋኛ መነጽር አጥልቆ፣ የመተንፈሻ ቱቦ ነክሶ፣ ፊቱን ውሃው ውስጥ ነክሯል። ጀልባዋ ሰው በእግሩ ከሚሄደው እምብዛም አትፈጥንም። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ትቆማለች። ያን ጊዜ ተመራማሪው ውሃ በማያበላሸው ወረቀት ላይ በእርሳስ ይጽፋል፤ ከበታቹ ካለፈው ወለል ምን ያህሉ በሕያው ኮራል እንደተሸፈነ፣ ምን ያህሉ እንደሞተ፣ ኮራል የሚበሉ ኮከብ ዓሣዎች ስንት እንዳየ። ጀልባዋ ትነሳለች፤ ሁለት ደቂቃ ትሄዳለች፤ ትቆማለች። ሪፉን፣ ማለትም ኮራሎች የገነቡትን የባሕር ውስጥ የድንጋይ ክምር፣ ዙሪያውን እስኪጨርሱት ድረስ ሥራው ይኸው ነው።

ቦታው ታላቁ የኮራል ሪፍ ነው። ርዝመቱ 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ወደ 3,000 የሚጠጉ ትልልቅና ትንንሽ ሪፎችን ይይዛል። ይህን የገመድ ላይ ቆጠራ የሚያካሂደው በ1972 የተቋቋመው የአውስትራሊያ የባሕር ሳይንስ ተቋም ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ተቋሙ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአንድ ዓይነት ዘዴ ሲቆጥር ኖሯል። የሥራው ዋጋም ያለው በዚህ ላይ ይመስለኛል። አንድ ቀን የተወሰደ ልኬት ስለ ባሕሩ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ዛሬ የታየው መልክ ደዌ ይሁን የወትሮ ጠባይ መለየት የሚቻለው ከትናንቱ ጋር ሲተያይ ብቻ ነው።

ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን እንስሳት ተጣብቀው ይኖራሉ፤ ከባሕሩ ካልሲየም እየሳቡ ከሥራቸው የኖራ ድንጋይ ያበጃሉ። በገላቸው ውስጥ ደግሞ አልጌ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት አብረዋቸው ይኖራሉ። አልጌዎቹ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃሉ፤ አብዛኛውን ለአስተናጋጃቸው ይሰጣሉ። የኮራሉ ቀለምም በብዛት የእነሱ ነው። የባሕሩ ሙቀት ከሞቃቱ ወራት የወትሮ ከፍተኛ ልክ በአንድ ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣል፤ ይነጣል። ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ ያገግማል፤ ካልበረደ በረሃብ ይሞታል። ታላቁ ሪፍ በ1998፣ በ2002፣ በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022፣ በ2024 እና በ2025 በሰፊው ነጥቷል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መካከል ያለውን ርቀትና በኋለኞቹ መካከል ያለውን አንባቢ ራሱ ያስተያይ።

በ2012 የተቋሙ ተመራማሪዎች በ214 ሪፎች ላይ የተደረጉ 2,258 ቆጠራዎችን አንድ ላይ አድርገው መረመሩ። ከ1985 እስከ 2012 ድረስ ባሉት 27 ዓመታት የሕያው ኮራል ሽፋን ከ28 በመቶ ወደ 13.8 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ከጉዳቱ 48 በመቶውን ያደረሰው አውሎ ነፋስ፣ 42 በመቶውን ኮከብ ዓሣ፣ 10 በመቶውን የሙቀት መንጣት መሆኑን ለይተው አሳወቁ። በየዓመቱ በገመድ የተጎተቱት ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ይህ ሁሉ ግምት ሆኖ ይቀር ነበር።

ሪፉን ብቻ እያዩ ግን ሪፉን መረዳት አይቻልም። 424,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ከሚሸፍን ምድር የሚነሱ የ35 ተፋሰሶች ወንዞች ወደዚህ ባሕር ይገባሉ። ከትልልቆቹ መካከል በርደኪንና ፊትዝሮይ ይገኙበታል። እንደ እኛ አገር ወንዞች ሁሉ እነዚህም በበጋ ቀጥነው ይከርሙና የዝናቡ ወራት ሲመጣ ደፍርሰው ይሞላሉ፤ ቡናማው ጎርፍ ከአፋቸው ወጥቶ ባሕሩ ላይ በብዙ ኪሎ ሜትር ሲዘረጋ ከሳተላይት ይታያል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ አውሮፓውያን ሰፋሪዎች መሀል አገሩን በከብት ግጦሽ፣ የጠረፉን ሜዳ በሸንኮራ አገዳ ሞሉት። አፈሩ ተራቆተ፤ ቦረቦር ተቆፈረ። ይህ ሁሉ ባሕሩ ላይ ምን ለውጥ አመጣ? ያኔ የሚለካ ሰው አልነበረም። ታዲያ የሚመልሰው ማን ነው?

መልሱን የሰጠው ኮራሉ ራሱ ነው። ፖራይትስ የሚባለው የኮራል ዓይነት እንደ ትልቅ ቋጥኝ ክብ ሆኖ ያድጋል፤ በዓመት የሚጨምረው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጠላቂዎች በእጅ በሚያዝ መሰርሰሪያ ከላይ ወደ ታች ወግተው ረጅም ዘንግ ያወጣሉ፤ ቀዳዳውንም ይደፍኑታል። ዘንጉ ሲሰነጠቅ የዓመታት መስመር በተርታ ይታያል። በ1984 ፒተር ኢስዴል የተባለ አውስትራሊያዊ ተመራማሪ በጠረፍ አቅራቢያ ከበቀሉ ኮራሎች የተቆረጠ ቁራጭ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲታይ የሚያበሩ መስመሮች እንዳሉት፣ መስመሮቹም በርደኪን ወንዝ ከሞላባቸው ዓመታት ጋር እንደሚገጥሙ ጻፈ። ጎርፉ በኮራሉ አጥንት ላይ ተመዝግቦ ኖሯል ማለት ነው።

የበለጠው ነገር የመጣው በ2003 ነው። ማልኮም ማክሎክና ባልደረቦቹ ከ1750 አካባቢ ጀምሮ ያለውን ዘመን የያዘ ዘንግ ወስደው በውስጡ ያለውን ባሪየም ለኩ። ባሪየም በወንዝ ደለል ላይ ተጣብቆ የሚጓዝ ንጥረ ነገር ነው። ደለሉ ጨዋማውን ውሃ ሲያገኝ ባሪየሙ ይለቀቅና ይሟሟል፤ ኮራሉም አጥንቱን ሲሠራ በካልሲየም ቦታ ጥቂቱን ያስገባዋል። ስለዚህ ብዙ ባሪየም ማለት ብዙ ደለል ማለት ነው። ከ1870 በፊት በነበሩት ዓመታት ታላላቅ ጎርፎች ቢኖሩም ባሪየሙ ዝቅ ያለ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በየጎርፉ ይዘል ጀመር። ተመራማሪዎቹ ወደ ሪፉ የሚገባው ደለል ከአውሮፓውያን ሰፈራ በኋላ ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ እንዳደገ ደመደሙ። ከባሕር ሳይንስ ሥራዎች ሁሉ እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ የከብቶች ኮቴ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ያደረሰው ነገር ባሕር ውስጥ ባለ እንስሳ አጥንት ላይ ተነበበ።

ደለል በሁለት መንገድ ይጎዳል፤ ሲያርፍ ያፍናል፣ ሲንሳፈፍ ብርሃን ይከለክላል። ብርሃን ምን ያህል እንደሚዘልቅ ከሚለኩት መሣሪያዎች አንዱ እጅግ ቀላል ነው። በ1865 አንጄሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ ነጭ ክብ ሰሌዳ በገመድ አስሮ ወደ ባሕር እያወረደ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት መዘገበ። ዛሬም ይህ የሴኪ ሰሌዳ በየዓለሙ ሐይቅና ባሕር ይሠራበታል። ከጎኑ እርግጥ ወለል ላይ ተተክለው ሌት ተቀን የሚመዘግቡ የብርሃን መለኪያዎች መጥተዋል፤ ጭቃና አልጌ እንዳይሸፍናቸው ራሳቸውን የሚጠርጉ ናቸው።

በጨለማው በቶሎ የሚጎዳው የባሕር ሣር ነው። የባሕር ሣር ሥር፣ ቅጠልና አበባ ያለው፣ ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል እውነተኛ ዕፅ ነው። አፈር ይይዛል፣ የዓሣና የሽሪምፕ ጫጩት ያሳድጋል። ዱጎንግ የሚባለው ግዙፍ አጥቢ የባሕር እንስሳም የሚግጠው ይህንኑ ነው፤ አንዱ ዱጎንግ በቀን እስከ 40 ኪሎ ሊበላ ይችላል። በ1992 መጀመሪያ ከሪፉ ደቡባዊ ጫፍ ዝቅ ብላ በምትገኘው ሃርቪ ቤይ ሁለት ጎርፍና አንድ አውሎ ነፋስ ተከታትለው መጡ። ውሃው ለሳምንታት ደፈረሰ፤ 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የባሕር ሣር ጠፋ። የዱጎንጎቹ ነገር አሳዛኝ ነበር፤ ብዙዎቹ ተሰደዱ፣ የከሱ ሬሳዎች በየባሕሩ ዳርቻ ተገኙ። ማዕበሉ አንድም ዱጎንግ ባይመታ እንኳ የምግባቸው መጥፋት በቂ ነበር።

ከዚያ ጥፋት ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1998፣ በዚያው በኩዊንስላንድ ግዛት ሲግራስ ዎች የተባለ የክትትል ሥራ ተጀመረ፤ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። አሠራሩን ልግለጽ። ባሕሩ በሸሸ ሰዓት፣ ጭቃው ሲገለጥ፣ 50 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሦስት የመለኪያ ገመዶች ጎን ለጎን ይዘረጋሉ። በየ5 ሜትሩ ጎንና ጎኑ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ክፈፍ ይቀመጣል። በክፈፉ ውስጥ ከመቶው ስንት እጅ ሣር እንደሆነ፣ የየትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ ቅጠሉ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ መሬቱ አሸዋ ይሁን ጭቃ ይጻፋል፤ ፎቶም ይነሳል። ለአንድ ቦታ 33 ክፈፍ ነው። የሠለጠነ መምህር፣ ተማሪ፣ ዓሣ አስጋሪ ሊሠራው ይችላል። በጠረፉ ላይ ከጥንት ጀምረው የኖሩት ነባር ሕዝቦች ጠባቂዎችም ከሳይንቲስቶች ጋር ይሠራሉ።

ዱጎንጎችን መቁጠር ግን ከዚህ ይከብዳል። ለብዙ አሥርት ዓመታት የተቆጠሩት በትንሽ አውሮፕላን ነው፤ በዚህ ረገድ የጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲዋ ሄለን ማርሽ ስም ከፊት ይጠራል። ችግሩ እንስሳው ለመተንፈስ ብቅ ብሎ ወዲያው መጥለቁ ነው፤ ውሃው ከደፈረሰም አይታይም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ያዩትን ብቻ አይደምሩም። ምን ያህሉ ጠልቆ እንደነበር፣ ምን ያህሉስ እየታየ በተመልካች እንዳለፈ አስልተው ይጨምራሉ። ጥሩ ቆጠራ የሚያመልጠውንም ልክ የሚያውቅ ነው።

ከደለሉ ጋር ከሸንኮራ አገዳው ማሳ የታጠበ የናይትሮጅን ማዳበሪያ ይመጣል። ማዳበሪያው በባሕሩ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ዕፆችን ያበዛል፤ የእሾህ አክሊል የሚባለው ኮራል በሊታ ኮከብ ዓሣ እጮች ደግሞ እነዚህን ዕፆች ይመገባሉ። አንዷ እንስት በአንድ ወቅት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር እንቁላል ስለምትጥል፣ ከእጮቹ ጥቂት በመቶ ተጨማሪ መትረፉ ወረርሽኝ ሊያስነሳ ይችላል። የማዳበሪያው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ሊቃውንቱ አሁንም ይከራከራሉ። ጠላቂዎች እስከዚያው ኮከብ ዓሣዎቹን በመርፌ ይወጓቸዋል፤ አንድ ጊዜ የተወጋ የበሬ ሐሞት ጨው አንዱን ኮከብ ዓሣ ለመግደል ይበቃል።

በወንዞቹ ውስጥ የሚደረገው ክትትል ደግሞ ከአዲሶቹ ዘዴዎች አንዱን ያሳየናል። ዓሣ በውሃ ውስጥ ሲኖር ከቆዳው፣ ከንፋጩ፣ ከዓይነ ምድሩ የዲኤንኤ ቅንጣት ይጥላል። ተመራማሪው ጥቂት ሊትር ውሃ ያጣራል፤ ማጣሪያውን በላቦራቶሪ መርምሮ መረብ ሳይጥል በአካባቢው የትኛው ዓሣ እንዳለ ያውቃል። በኩዊንስላንድ በዚህ ዘዴ ከሚታደኑት አንዱ ቲላፒያ ነው። እኛ ቆሮሶ ብለን በደስታ የምንበላው ዓሣ ዘመድ እዚያ አገር ነባር ዓሦችን የሚጎዳ ወራሪ ነው፤ ማርባቱም መሸጡም በሕግ የተከለከለ ነው።

ኢትዮጵያ ባሕር ባይኖራትም ይህ ሳይንስ ለእርሷ ባዕድ አይደለም። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከታረሰው ደጋ ደለል እያጋዙ ጣና ይገባሉ። በዝናቡ ወራት የጣና ላቤኦባርበስ ዓሦች ለመራባት ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፤ አጥማጆችም በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ይዘው ይጠብቋቸው ነበር። ከ1991 እስከ 1993 የተሠራውን ጥናት ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ በተመሳሳይ መንገድ የደገሙ ተመራማሪዎች የእነዚህ ዓሦች ክምችት በክብደት 75 በመቶ ያህል እንደቀነሰ አገኙ። የመጀመሪያው ልኬት ባይኖር ሁለተኛው ምንም ባልነገረን ነበር። እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም በ2011 ጣና ላይ ሲታወቅም በወንዞቹ አፍ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ መስፋፋቱ በአጋጣሚ አይደለም፤ አረሙ የሚወደውን ንጥረ ነገር ከማሳው ይዘው የሚመጡት ወንዞቹ ናቸው።

ክትትል ሲቀጥል መልካሙንም ክፉውንም እኩል ይናገራል። በ2022 የታላቁ ሪፍ ሰሜናዊና መካከለኛ ክፍል በ36 ዓመት ቆጠራ ያልታየ ከፍተኛ የኮራል ሽፋን አስመዘገበ፤ ብዙዎች ችግሩ አለፈ አሉ። ተመራማሪዎቹ ግን አብዛኛው የበቀለው ቶሎ የሚያድግና ቶሎ የሚሞት ቅርንጫፋም ኮራል መሆኑን አስጠንቅቀው ነበር። የ2024ቱ ሙቀት ከመጣ በኋላ በ2025 የወጣው ዘገባ የደቡቡ ክፍል ሽፋን በአንድ ዓመት ከ38.9 ወደ 26.9 በመቶ እንደወረደ አሳየ።

በጣና፣ በሐዋሳ፣ በዝዋይ ወይም በሌላ ውሃ ዳር የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ነገ ልትጀምሩት የምትችሉት ነገር አለ። አንድ ነጭ ክብ ሰሌዳ፣ ምልክት የተደረገበት ገመድና አንድ መዝገብ ይበቃል። ልምድ ካለው የጀልባ ሰው ጋር ሆናችሁ፣ በየወሩ በአንድ ቦታ፣ በቀትር፣ ሰሌዳው የሚሰወርበትን ጥልቀት ከተማሪዎቻችሁ ጋር ጻፉ። መዝገቡንም ከእናንተ በኋላ የሚመጣ መምህር እንዲቀጥለው በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አኑሩት።