«የቀን ቅኝት»፦ እስከ ምርመራ ክፍሉ በር

እንደ ዳንግላ ወይም እንጅባራ ባለ የአዊ ከተማ ማንም ሳያየው ጤና ጣቢያ የሚገባ ሰው የለም። ካርድ የምታወጣው የጎረቤት ልጅ፣ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት የእድር አባል ሊሆኑ ይችላሉ። ለልጅ ክትባት ከሆነ «ማን አየኝ» የሚል የለም። ወደ ኤች አይ ቪ ወይም ወደ አባላዘር በሽታ ምርመራ ክፍል መታጠፍ ሲመጣ ግን እግር ይከብዳል።

የሬዲዮ ድራማው «የቀን ቅኝት» የተሠራው እንዲህ ለከበደው እግር ነው።

ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ያዘጋጀው ይህ ተከታታይ ድራማ ከግንቦት 1994 ዓ.ም. እስከ ኅዳር 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሲተላለፍ 257 ክፍል ደርሷል። በኦሮምኛም «ዲምቢባ» የሚባል እህት ነበረው። ኤች አይ ቪም ሆነ የቤተሰብ ምጣኔ እንደ ትምህርት አልቀረበም፤ ዋናዋ ባለታሪክ ፍቅርተና በዙሪያዋ ያሉት ሲዋደዱ፣ ሲጣሉና ሲታረቁ በመሐል ይነሳል እንጂ።

ዘዴው የሜክሲኮው ሚጌል ሳቢዶ ነው። በድራማው ውስጥ አንዱ በጎ፣ ሌላው መጥፎ ምሳሌ ይሆናል፤ ሦስተኛው መሐል ላይ ይዋልላል። አድማጭ ልቡን የሚሰጠው ለዚህ ለሚዋልለው ነው፤ ይሳሳታል፣ ይጸጸታል፣ ቀስ ብሎ ይለወጣል። ሁለት ዓመት ተኩል መፍጀቱም ተገቢ ነበር፤ ለዘመናት የታፈረበት ነገር በአንድ ቀን ስብከት አይነቀልም።

አዘጋጁ ድርጅት እንዳስታወቀው ከ15,000 በላይ ደብዳቤ መጥቷል፤ ከማያደምጡት ይልቅ የሚያደምጡ ወንዶች በአራት እጥፍ፣ ሴቶች በሦስት እጥፍ ተመርምረዋል። ቤቱ በአገውኛ የሚያወራ የአዊ ሰው ግን ይህን ሁሉ የሰማው በሁለተኛ ቋንቋው ነው። እንዲህ ዓይነቱ ገመና በእናት ቋንቋ ቢወራ የበለጠ ይቀርብ ነበር።

ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሥራ ግን አጭር ነው። ጣት ይወጋል፣ ጠብታ ደም ቀጭን ወረቀት ላይ ያርፋል፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። አንድ መስመር ብቻ ከታየ ቫይረሱ አልተገኘም፤ ሁለት ከሆነ በሌላ ምርመራ ይረጋገጣል።

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገሪቱ በነጻ መታደል የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም.፣ ድራማው ባለቀ በሁለተኛው ወር ገደማ ነው። በእነዚያ 257 ክፍሎች ጊዜ ተነስተው የተመረመሩት ሁሉ በሩን የገፉት ነጻ መድኃኒት ገና ሳይመጣ ነበር።