ከተማ ሲያድግ ሠራተኛው የት ይደር?
የኬንያ ርዕሰ ከተማ ናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ1899 የምድር ባቡር ሠራተኞች የሠፈሩባት ረግረጋማ ሜዳ ነበረች። በ2019 ቆጠራ ነዋሪዎቿ ከ4 ሚሊዮን በልጠዋል። የዚህን ዕድገት ዋጋ ለመረዳት ኪቤራን እንመልከት። ሥፍራው በእንግሊዝ የቅኝ ግዛት ጦር ውስጥ ላገለገሉ ኑቢያውያን ወታደሮች የተሰጠ ደን ነበር፤ የባለቤትነት ማረጋገጫ ግን አላገኙም። ዘሮቻቸው 288 ኤከር በስማቸው የተመዘገበላቸው በ2017 ነው። ሥራ ፍለጋ ከገጠር የጎረፈው ሕዝብም በዚያው በቆርቆሮ ጎጆዎች ተጨናንቆ ሠፈረ። ሠፈሩ ሕጋዊ አይደለም ተብሎ በቂ የቧንቧ መሥመር ስላልተዘረጋለት ብዙው ነዋሪ ውሃ በጀሪካን ይገዛል፤ በሊትር ሲሰላም ድሃው ከባለጸጋው አብልጦ ይከፍላል።
ስለዚህ የከተማ ዕድገት በፎቅ ቁመት አይለካም እንላለን። የሚለካው ፎቁን የገነባው ሠራተኛ ማታ በሚገባበት ቤት ነው።